ኢንተርቪው ጨርሻለሁ፣ ዝምታው ግን አላስቀምጥ አለኝ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። 25 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። ሕክምና ለመማር ባለፈው ጁን አመልክቼ ሦስት ትምህርት ቤቶች ለኢንተርቪው ጠሩኝ። የመጀመሪያው ኦክቶበር ላይ ነበር፤ ዲሴምበር ላይ ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ውስጥ ነሽ አሉኝ። ሁለተኛው ኖቬምበር ላይ ነበር፤ እስካሁን ድምፃቸው የለም። ሦስተኛው ጃንዋሪ ላይ ነበር፤ ከሁሉም አብልጬ የምፈልገው እሱን ነው። እነሱም ዝም። አሁን የፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነን።

ሦስተኛው ቦታ አንዱ ስቴሽን (የኢንተርቪው ክፍል) ላይ ቃል ጠፋኝ። ጥያቄው ስለተናደደ የታካሚ ቤተሰብ ነበር። ሌሊት ተኝቼ መልሱን እንደገና እመልሰዋለሁ። ውሳኔው የሚወጣበትን ፖርታል በቀን ስንት ጊዜ እንደምከፍተው እንጃ። ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሁሉ እከፍተዋለሁ። አብራኝ ያመለከተች ጓደኛዬ ገብታለች። ደስ ብሎኛል፣ ግን ስልኳን ማንሳት ከብዶኛል። እናቴ በየቀኑ "ደወሉ?" ትለኛለች። ለዘመድ ሁሉ ነግራ ጨርሳለች።

ልጻፍላቸው ወይስ እንዳልሰለቻቸው ዝም ልበል? ካልሆነስ እንደገና ላመልክት? የምሠራበት ክሊኒክ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ትቆያለሽ ወይ ብሎ መልስ እየጠበቀ ነው። ሥራዬ ሐኪሙ ታካሚ ሲያይ ማስታወሻ መጻፍ ነው።

ጠባቂዋ ነኝ

መልስ፦

ውድ ጠባቂዋ፣

ቃል ከጠፋሽበት ስቴሽን ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ነውና።

እንዲህ ዓይነቱ ከክፍል ክፍል እየዞሩ የሚመልሱት ኢንተርቪው፣ ኤምኤምአይ የሚሉት፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረ ነው። ለምን እንደተፈጠረ ብታውቂ ትንሽ ትተነፍሻለሽ። ቀድሞ አንድ ወይም ሁለት ሰው አመልካቹን ረዘም ላለ ጊዜ ያናግረውና በዚያው ይፈርድበት ነበር። ሰው ግን በአንዱ ጉዳይ ጎበዝ ሆኖ በሌላው ይደናቀፋል። አንዱ ጠያቂ የወደደውን ሌላው ላይወደው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውም መዛኙም እንዲበዛ ተደረገ። በእያንዳንዱ ክፍል ሌላ ጉዳይ፣ ሌላ ሰው፣ ጥቂት ደቂቃ። ያ ቃል የጠፋሽበት ክፍል ውስጥ የነበረው ሰው ነጥቡን ጽፎ ቀጣዩን አመልካች ተቀብሏል። ቀጥሎ የገባሽበት ክፍል ውስጥ ያለው ግን ከዚያ በፊት ምን እንደገጠመሽ አያውቅም። ለእሱ አዲስ ሰው ነበርሽ። ስቴሽኑ ብዙ የሆነው አንዱ ብቻውን ሰው እንዳይጥል ነው።

ይህን የምልሽ "አይዞሽ፣ ገብተሻል" ለማለት አይደለም። አንቺ ግን ያን አንድ ክፍል ይዘሽ ጠቅላላውን ውጤት አውጥተሽበታል፤ ሌሎቹን ክፍሎች በደብዳቤሽ ውስጥ በአንዲት ቃል እንኳ አላነሳሻቸውም። በደህና የመለስሻቸውም አሉ። ሌሊት የማይመጡልሽ ስላልጎዱሽ ነው።

አሁን ወደ ዝምታው። ከኢንተርቪው በኋላ ምን እንደሚደረግ ስናውቅ ዝምታው ሌላ መልክ ይይዛል። ያነጋገረሽ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወሳኙ እሱ አይደለም። ነጥብና አስተያየት ጽፎ ያስገባል። ፋይልሽ ከውጤትሽ፣ ከድርሰትሽና ከምስክር ደብዳቤዎችሽ ጋር ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። የኮሚቴው አባላት ሌላ ሥራ ያላቸው ሐኪሞችና መምህራን ናቸው፤ የሚሰበሰቡት በቀጠሮ ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት በየጊዜው ሲወስን ይቆያል። አንዳንዱ ደግሞ የመጨረሻው ኢንተርቪው እስኪያልቅ ጠብቆ ለሁሉም በአንድ ቀን ይናገራል። ያንቺዎቹ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ድረ ገጻቸው ላይ ወይም በኢንተርቪው ቀን በሰጡሽ ወረቀት ላይ ታገኚዋለሽ። እሱን ካላየሽ መጀመሪያ እሱን እይ። ሦስተኛው ትምህርት ቤት ማርች ላይ በአንድ ቀን የሚያሳውቅ ከሆነ እኮ እስካሁን የተሰቃየሽው መልስ ሊኖር በማይችልበት ጊዜ ነው።

የኖቬምበሩን በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገርሽ። በየጊዜው የሚወስን ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ሦስት ወር ዝም ማለቱ ፋይልሽ መሐል ላይ እንዳለ የሚያሳይ ይመስለኛል። ወዲያው "ትምጣ" አላሉም፣ ወዲያው "ትቅር" አላሉም። ከኋላ ከሚመጡት ጋር ሊያወዳድሩሽ አቆይተውሻል። ደስ የሚል ቦታ አይደለም። ግን የተዘጋ በርም አይደለም፤ ከዚያ መሐል ብዙ ሰው ይወሰዳል።

ቀኖቹን ደግሞ በደንብ ያዢያቸው። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ለትምህርት ቤቶቹም ለአመልካቾቹም ያወጣው አሠራር አለ። በመደበኛው ማመልከቻ የመቀበያ መልስ ከኦክቶበር 15 በፊት አይላክም። እስከ ማርች ባለው ጊዜ ትምህርት ቤቶቹ ቢያንስ የክፍላቸውን ቁጥር ያህል ሰው ተቀብለው እንዲጨርሱ ይጠበቃል። ከዚያ ትልቁ ቀን ኤፕሪል 30 ነው። ሁለት ሦስት ቦታ የተቀበሉት ሰዎች አንዱን መርጠው የቀረውን የሚለቁት እስከዚያ ቀን ነው። ጎበዝ የሚባለው አመልካች አራት ቦታ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ የሚቀመጠው ግን አንድ ወንበር ላይ ነው። ሦስቱ ወንበር ባዶ ይሆናል። ዌይትሊስት ከምር የሚንቀሳቀሰው እነዚህ ወንበሮች ሲለቀቁ ነው፣ ማለትም በኤፕሪል መጨረሻ፣ በሜይ፣ በጁን። ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት የተጠሩም አሉ።

ስለዚህ የኦክቶበሩ ትምህርት ቤት ዲሴምበር ላይ ዌይትሊስት ሲልሽ በትሕትና "አንፈልግሽም" ማለቱ ነው ብለሽ ከሆነ፣ ተሳስተሻል። የማይፈልጉትን "አንፈልግም" ማለት ያውቁበታል፤ በየዓመቱ ለብዙ ሺህ ሰው ይሉታል። በአገሩ በሙሉ በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፣ የሚገባው ወደ 23 ሺህ ነው። አንቺን ዝርዝር ውስጥ ያስገቡሽ ወንበር ቢገኝ ሊያስቀምጡሽ ፈቅደው ነው።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ፣ ለኔ ከምክር ሁሉ ይበልጥብኛል። በ1979 ሂዩስተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት እንደ ልማዱ 150 ተማሪ መረጠ። ምርጫው ካለቀ በኋላ የክልሉ ምክር ቤት ቁጥሩ 200 ይሁን ብሎ ወሰነ። ሃምሳ ሰው ከየት ይምጣ? ጎበዝ የተባሉት ሌላ ቦታ ገብተዋል። የቀሩት ኢንተርቪው ተደርገው ከዝርዝሩ ግርጌ የተቀመጡት ናቸው፤ ወደ 800 ከሚሆኑት ኢንተርቪው ከተደረጉት ውስጥ የመጨረሻዎቹ። ከእነሱ ሃምሳ ተወሰዱ። ኮሚቴው አይቷቸው "አይሆኑም" ያላቸው ሰዎች ማለት ነው።

ተመራማሪዎች ሁለቱን ቡድኖች ተከታተሏቸው። በትምህርቱ፣ በክሊኒክ ልምምዱ፣ ከተመረቁ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ሥራ፣ በሁሉም አዩአቸው። ውጤቱ በ1987 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ታተመ። ቀድመው በተመረጡትና መጀመሪያ በተጣሉት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከታካሚ ፊት ሲቆሙ ያው ሐኪሞች ናቸው።

ኮሚቴዎቹ ግድ የላቸውም እያልኩ አይደለም። ወንበሩ ጥቂት ነው፣ ብቁው ሰው ብዙ ነው፣ የሆነ ቦታ ላይ መስመር መሰመር አለበት። መስመሩ ግን የሚለየው የዚያን ዓመት ወንበር ያገኘውንና ያላገኘውን ነው። ጥሩ ሐኪም የሚሆነውንና የማይሆነውን በዚያ መለየት እንደማይቻል ሂዩስተን ላይ በግልጽ ታይቷል። ደብዳቤሽ ላይ "አልበቃሁም" የሚል ቃል ባይኖርም በየመስመሩ ይሰማኛል። እባክሽ መብቃትሽን የመፍረዱን ነገር ለኮሚቴ አትስጪው፤ ኮሚቴው ራሱ አልጠየቀም።

"ልጻፍላቸው?" ላልሽው፣ አዎ ጻፊ፣ ግን መጀመሪያ የእያንዳንዱን መመሪያ አንብቢ። ከኢንተርቪው በኋላ ምንም አትላኩ የሚሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። እነሱ ጋ መላክ "መመሪያ አላነበብኩም" ማለት ነው። በፖርታሉ በኩል ብቻ የሚቀበሉም አሉ። የሚቀበሉ ከሆነ ሁለት ዓይነት ደብዳቤ አለ፣ አታደባልቂያቸው።

አንደኛው፣ ካመለከትሽ በኋላ ምን አዲስ ነገር እንዳለ የሚናገር ነው። ይህን ለሦስቱም መላክ ትችያለሽ፣ አዲስ ነገር ካለሽ። "አሁንም በጣም እፈልጋችኋለሁ" ዜና አይደለም። "ካመለከትኩ ወዲህ በክሊኒኩ አዳዲስ ጸሐፊዎችን የማሠልጠን ኃላፊነት ተሰጥቶኛል" ዜና ነው። የወሰድሽው ኮርስ ውጤት፣ የታተመ ጽሑፍ፣ የጨመርሽው የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ እነዚህ ዜና ናቸው።

ሁለተኛው "ከተቀበላችሁኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ እናንተ ጋ እገባለሁ" የሚለው ነው። ይህ የሚላከው ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ለሁለት ከላክሽው ውሸት ይሆናል፤ ገና ከመጀመሪያው በውሸት አትግቢ። ላንቺ ሦስተኛው ትምህርት ቤት ነው፣ ራስሽ ነግረሽኛል። ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ ባይሞላም ጥሩ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ሐሳብሽን ተናገሪ፦ ማን እንደሆንሽ፣ መቼ ኢንተርቪው እንዳደረግሽ፣ ከተቀበሉሽ እንደምትገቢ። ቀጥሎ ለምን እነሱ እንደሆኑ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚወድቁት። "ዝናችሁ"፣ "የምርምር ብቃታችሁ" ማንም ለማንም የሚጽፈው ነው። ኢንተርቪው ቀን ያየሽውን ጻፊ። አንድ ተማሪ ስለሚሠሩበት ነፃ ክሊኒክ ነግሮሽ ከሆነ፣ አንቺም በየቀኑ ሐኪም አጠገብ ቁጭ ብለሽ ኢንሹራንስ የሌለው ታካሚ መድኃኒቱን ሲያቆም ጽፈሽ ከሆነ፣ ሁለቱን አገናኚያቸው። ከዚያ አዲሱን ዜናሽን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አስከትይ። አመስግነሽ ጨርሺ። ስለዚያ ስቴሽን አንዲት ቃል እንዳትጽፊ፤ ያልጠየቁሽን ጉድለት ለምን ታሳያቸዋለሽ?

ደብዳቤው ከሄደ በኋላ በየሳምንቱ አትከተዪው። እውነተኛ ዜና ሲኖር፣ ወይም የዌይትሊስቱ ትምህርት ቤት ኤፕሪል መጨረሻ ላይ አሁንም እንደምትፈልጊው ማወቅ ከፈለገ፣ ያኔ ትጽፊያለሽ።

ፖርታሉን "አትክፈቺ" አልልሽም፤ ትከፍችዋለሽ። ኬት ስዊኒ የምትባል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ የምትሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለች። የጥብቅና ፈተና ወስደው ለአራት ወር ያህል ውጤት የሚጠብቁ የሕግ ምሩቃንን አጥንታለች። ጭንቀታቸውን ለማባረር ያደረጉት ጥረት በአብዛኛው አልሠራም። የሚገርመው፣ በጥበቃው ወቅት አብዝተው የተጨነቁት ሰዎች ክፉ ዜና ሲመጣ ከሌሎቹ በተሻለ ቻሉት፣ ደግ ዜና ሲመጣም የበለጠ ተደሰቱ። ስለዚህ በመጨነቅሽ ላይ ደግሞ "ለምን እጨነቃለሁ" ብለሽ አትጨነቂ። በኋላ ባደረገችው ጥናት ደግሞ የረዳ ነገር አግኝታለች፤ ሰዓቱን እስኪረሱ ድረስ የሚያሰጥም ሥራ። ቴሌቪዥን ከፍቶ መቀመጥ አይደለም፣ እጅንም አእምሮንም የሚይዝ፣ ትንሽ የሚያታግል ነገር። ያንቺ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ወደ እሱ ሂጂ።

ጥቂት ነገር ግን አስተካክዪ። ከሦስቱ ትምህርት ቤቶች ለሚመጣ ኢሜይል ብቻ ስልክሽ ለየት ያለ ድምፅ እንዲያሰማ አድርጊው፣ አድራሻቸውንም መዝግቢ፣ ስፓም ውስጥ እንዳይገባ። ያኔ ካልጮኸ የለም ማለት ነው፣ መጸዳጃ ቤት መግባት አያስፈልግሽም። የድምፅ መልእክት ሳጥንሽ ሞልቶ እንደሆነ ዛሬውኑ እዪው። የምሬን ነው። ደስታውን በስልክ የሚያበስሩ ዲኖች አሉ፤ ከማይታወቅ ቁጥር ተደውሎ ሳጥኑ "ሞልቷል" ቢል ያሳዝናል። ከኤፕሪል 30 በኋላ ደግሞ መልስ እንድትሰጪ የሚሰጥሽ ጊዜ ወደ ጥቂት ቀናት ሊያጥር ስለሚችል፣ ያን ሰሞን ስልክ የማይሠራበት ቦታ አትሂጂ። እንቅልፍና ምግብ ከምር እምቢ ካለሽ ግን ይህን ሁሉ ትተሽ ሐኪም ወይም አማካሪ አናግሪ፤ ሌላውን ልታክሚ የምትማሪ ሰው ራስሽን አትተዪ።

እናትሽ በየቀኑ የሚጠይቁሽ እሳቸውም እየጠበቁ ስለሆነ ነው። የሚጠብቁት ደግሞ ካንቺ ባነሰ መረጃ ነው፤ አንቺ ቢያንስ ፖርታል አለሽ። ስለዚህ መረጃውን ስጫቸው። አንድ ቀን ተረጋግተሽ ቁጭ በይና እንዲህ በያቸው፦ "እማዬ፣ መልሱ እስከ ሜይ ድረስ ሊቆይ ይችላል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። የመጣ ቀን ከሁሉ በፊት የምነግረው ላንቺ ነው። እስከዚያ ዝም ካልኩ ገና ነው ማለት ነው። ስትጠይቂኝ እንዳልወደቅሁ ራሴን ማስረዳት ይመስለኛል፣ ይከብደኛል።" ዘመድ ሲጠይቃቸው የሚሉትንም አብራችሁ ተነጋገሩ፦ "ከሜይ በኋላ ነው የሚታወቀው" ይበቃል። ሁለተኛ ቀን ረስተው ቢጠይቁሽ አትቆጪ። "እማዬ፣ ገና" በያቸውና እለፊው።

ጓደኛሽን ደውዪላት። ደስታዋን አብረሽ ከተካፈልሽ በኋላ "እኔ ገና ስለሆንኩ አንዳንዴ ዝም ብል አትቀየሚኝ" በያት። እሷም ባለፈው ወር እዚያው ነበረች፣ ይገባታል። የሷ መግባት ያንቺን ወንበር አልወሰደም። እንዲያውም ሁለት ቦታ ተቀብለዋት አንዱን ስትለቅ፣ የሚከፈተው ወንበር ላይ እንዳንቺ ያለ ሰው ነው የሚቀመጠው።

እንደገና ስለማመልከት። ዝግጅቱን አሁን ጀምሪ፣ ውሳኔውን ግን አሁን አትወስኚ። አዲሱ ማመልከቻ በሜይ መጀመሪያ ይከፈታል፣ ማስገባት የሚቻለው ከሜይ መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ ነው። ዌይትሊስት ላይ እያለሽ ማለት ነው፤ ሁለቱ አይጋጩም። የኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤትሽ መቼ እንደወጣ እዪ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ ውጤት አይቀበሉም። ምስክርነት ለጻፉልሽ ሰዎች "ምናልባት እንደገና ላስቸግራችሁ እችላለሁ" ብለሽ ከወዲሁ ንገሪያቸው። ድርሰቱን ግን እንዳለ መልሰሽ አትላኪ። አንድ ዓመት ኖረሻል፣ አዲሱ ድርሰት ያንን ያሳይ። በመጀመሪያው ዙር የዲኦ (የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና) ትምህርት ቤቶችን ካልሞከርሽ ጨምሪያቸው፤ እነሱም ሙሉ ሐኪም ነው የሚያስመርቁት፣ ማመልከቻቸውም ለብቻው ነው። አይሆንም ያለሽ ትምህርት ቤት ካለ አስተያየት ይሰጣል ወይ ብለሽ ጠይቂ። አንዳንዶቹ በስልክ ቀጠሮ ይዘው ፋይልሽ ላይ ምን እንደጎደለ ይነግሩሻል፤ እንደሱ ያለ ወርቅ የለም። ዛሬ ሐኪም ከሆኑት ውስጥ በሁለተኛው ዙር የገቡት ብዙ ናቸው፣ ታካሚያቸው ጠይቋቸው አያውቅም።

የክሊኒኩ ጉዳይ ቀላሉ ነው፣ ስለዚህ አታቆዪው። ከሐኪሞች ጋር ነው የምትሠሪው፣ ሁሉም በዚህ ያለፉ ናቸው። እውነቱን ንገሪያቸው፦ "መቆየት እፈልጋለሁ። ሦስት ቦታ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ከተቀበሉኝ ጁላይ ላይ እለቃለሁ፣ እንዳወቅሁ በዚያው ቀን እነግራችኋለሁ፤ የሚተካኝን ሰውም አሠለጥናለሁ።" ውል ካስፈረሙሽ ከመፈረምሽ በፊት ለመልቀቅ ስንት ሳምንት ቀድመሽ ማሳወቅ እንዳለብሽ አንብቢ፤ ሁለት ሳምንት ከሆነ ፈርሚ። ሙሉ ዓመት የሚያስር ከሆነ ግን በወር በወር እንዲያደርጉልሽ ጠይቂያቸው።